መጽሐፍም ሆኖ ወጥቷል እንዴ?

ጥቅምት 22

መብራት ጠዋት ሄዶ ከምሳ በኋላ መጣ። እስከዚያ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ የጋሽ ግዛቸውን መጽሐፍ የመጨረሻ እርማት ስለቅም ዋልኩ። አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ በሩ ላይ ከክፍሉ የሚበልጥ ታፔላ... «ጽጌሬዳ አሳታሚ»። ሕዝቅያስ «ታፔላውን ብታከራዪው ከመጽሐፉ ይሻልሻል» ይላል። ባሌ ቀልድ አያልቅበትም። ደሞዝተኛ ነዋ!

አመሻሽ ላይ ጋሽ ግዛቸው ደወሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ሐዋሳ፣ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ቁስል ሲያጥቡ፣ መርፌ ሲወጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጡላቸው ስለነበሩት በሽተኞች በእጃቸው ጽፈው አምጥተውልኝ፣ ያን ያነበብኩ ሰሞን ሥራ መሥራት አልቻልኩም ነበር። «የማክሰኞ ሕሙማን»። ዓይናቸው ግን እየደከመ ነው። ግላኮማ።

«የመብቱን ገጽ አንብቢልኝ እስቲ።»

«መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው። ይህን መጽሐፍ ያለ አሳታሚዋ የጽሑፍ ፈቃድ በማንኛውም መንገድ ማባዛትም ሆነ ማሰራጨት ፈጽሞ ክልክል ነው።»

«ፈጽሞ የሚለውን አንቺ ነሽ የጨመርሽው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጎሽ! ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው። ከመጽሐፉ ሁሉ ይህቺን ገጽ ነው የወደዷት መሰለኝ።

ኅዳር 9

መጽሐፉ ከአዲስ አበባ ደረሰ። በአይሱዙ፣ ከሽንኩርት ጋር ተጭኖ። እሽጉን ከወለል እስከ መስኮት ደረደርነው። ጋሽ ግዛቸው መጥተው አንዱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት፤ ስማቸውን ለማየት መሰለኝ። ከዚያ «ሁለተኛውን ለፋሲካ» አሉኝ። ሁለተኛውም ተጽፎ አልቋል።

«ለፋሲካ» አልኩ እኔም። አፌ!

ይሄ ካልተሸጠ ሁለተኛውን በምን አሳትመዋለሁ? ሁለተኛው ካልወጣ ደግሞ ታፔላውን ማውረድ ነው። ለሕዝቅያስ አልነገርኩትም። ሳልነግረውም ያውቃል።

ኅዳር 12

ለጋሽ ግዛቸው በቴሌግራም ሁለት ፋይል ላክሁላቸው። አንዱ የምርቃቱ ጥሪ። ሌላው መጽሐፉ ራሱ፤ ስልክ ላይ ፊደሉን አስፍተው እንዲያነቡት ብዬ። «ጥሪውን ለወዳጆችዎ ያድርሱልኝ» አልኳቸው። «ለእሱ አታስቢ» አሉ።

ኅዳር 21

ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

አዳራሹ ሞላ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አልጠበቅሁም። የጋሽ ግዛቸው እድርተኛ በሙሉ፣ ወንበሩን ሳይቀር ይዞ መጣ። በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ መጽሐፉን ደርድሬ ቆሜያለሁ። ሰው ሁሉ እየሳቀ ሰላም ይለኛል፣ ያልፋል። ሰላም ይለኛል፣ ያልፋል።

ፕሮግራሙ ሳይጀመር ከእድርተኞቹ አንዷ፣ ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ጋሽ ግዛቸውን አንገታቸውን አቅፈው፣ «ያቺ ፍየሏን ይዛ ሐኪም ቤት የገባችው ሴትዮ... አንጀቴን በላችው እኮ!» አሏቸው።

ፍየሏን ይዛ የገባችው ሴትዮ? እሷ ያለችው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ነው። ገና አንድ ቅጂ አልተሸጠም!

አንድ ሰውዬ ደግሞ ተነስቶ «ምዕራፍ አምስት ላይ ያለው ዶክተር ማን እንደሆነ አውቀናል» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳሰሳ እንዲያቀርብ የጋበዝኩት መምህር ገና ሊናገር ያሰበውን ሁሉ ከወንበር ወንበር ቀሙት። ምስኪን፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

በሉ፣ ጠጡ፣ ጸለይን፣ ተመረቀ። ገዝተው የሄዱት የጋሽ ግዛቸው እህት ብቻ ናቸው። እሳቸውም ማንበብ አይችሉም።

ኅዳር 22

ነገሩ ገባኝ።

ጋሽ ግዛቸው የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ጥሪውን በእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሊለጥፉ... ዓይናቸው አታለላቸውና መጽሐፉን ለጠፉት። ሙሉውን። ከሥሩም «ሁላችሁም በጥሞና አንብባችሁ እንድትገኙ» ብለው ጻፉ።

እዚያ ግሩፕ ላይ የሚለጠፈው የቀብር ሰዓት ነው፣ የስብሰባ ጥሪ ነው። አላየሁም ማለት ያስቀጣል። ታዲያ እድርተኛው ምን ያድርግ? በጥሞና አነበበ፤ ያልገባውን እየተጠያየቀ አነበበ። ከዚያ ለልጁ ላከ። ልጁ ለጓደኛው...

ጋሽ ግዛቸው አሁንም ጥሪውን እንደላኩ ነው የሚያውቁት። «አየሽ አይደል ሰዉ እንዴት አክብሮ እንደመጣ?» አሉኝ በስልክ።

«አየሁ ጋሼ።»

ምን ልበላቸው? ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ እንጃ።

ታኅሣሥ 5

አንድ የመጻሕፍት ቻናል ላይ ወጥቷል። ሽፋኑን እንኳ ቀይረውለታል፤ የማላውቃት የፈረንጅ ነርስ ፎቶ አድርገውበት። ለአድሚኑ ጻፍኩለት። አሳታሚዋ ነኝ፣ እባክህ አውርድልኝ።

ወዲያው መለሰ። «እናመሰግናለን እህታችን። ክፍል ሁለት አለው?»

ደግሜ ጻፍኩ። አበባ ላከልኝ።

ታኅሣሥ 6

ዛሬም ጻፍኩለት። ከቻናሉ አስወጣኝ።

ታኅሣሥ 19

ፍቅሬ ዘንድ ሄድኩ፣ ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ መጻሕፍት የሚሸጠው። የሰጠሁት እንዳለ ተቀምጧል።

«የሚያነሳው እኮ ብዙ ነው» አለኝ። «ያነሱታል፣ ገለጥ ገለጥ ያደርጉታል፣ ስልካቸው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አይተው ያስቀምጡታል።»

«አንተስ ምን ትላቸዋለህ?»

«ምን እላለሁ? እኔም ስልኬ ላይ ነው ያነበብኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ ጽጌሬዳ... የሚሸጠው እንዳይቆሽሽብኝ ብዬ ነው።»

ሳልወድ ሳቅሁ። ከእሱ ጋር መጣላት አይቻልም።

ጥር 8

አሁን ደግሞ ትረካ ሆኗል። ሃይማኖት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምዕራፍ በምዕራፍ እያነበበች ትለቀዋለች። ፀጉር ቤት ካስክ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ «ዝም በሉ እስቲ!» ብላ ሁሉንም ጸጥ አሰኘች። እኔንም ጭምር።

በቃ፣ ለሕግ አመለክታለሁ አልኩ። ደራሲው ከፈረሙልኝ ማመልከቻው ጉልበት ይኖረዋል። ማመልከቻውን ጽፌ፣ ፀጉሬ በቅጡ ሳይደርቅ ጋሽ ግዛቸው ቤት ሄድኩ።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩ ትራስ ላይ። የልጅቷ ድምፅ ቤቱን ሞልቶታል።

«ማነው? ጽጌሬዳ? ነይ ተቀመጪ፣ ሳል ያላት ልጅ ጋ ደርሰናል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ እኮ ከታተመ ወዲህ አንብቤው አላውቅም። ብሞክር ፊደሉ እየሸሸ አስቸገረኝ። እንዲህ ያለ ነገር መጻፌን ረስቼው ነበር።»

ማመልከቻው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ተቀምጬ አብሬያቸው ሰማሁ። ልጅቷ ታነባለች፣ አንድ ቃል እንኳ አትሳሳትም። ደግሞ የሚያስለቅሰው ቦታ ላይ አለቀስኩ። በገዛ መጽሐፌ!

ሳላስፈርማቸው ወጣሁ።

ጥር 9

ሕዝቅያስ «ፈረሙ?» አለኝ። «ተኝተው ነበር» አልኩት።

የካቲት 14

ሃይማኖትን አገኘኋት። ጋሽ ግዛቸው ዘንድ ሻይ ስትጠጣ። ስለ ሌባ የማስበውን ሁሉ ይዤ ነበር የገባሁት፣ ቀጭን ልጅ፣ ከወንበሯ ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

«እትዬ ጽጌሬዳ፣ እኔ እኮ ምንም አላገኝበትም። ካርዱን እንኳ የምሞላው ከቤት ከሚላክልኝ ነው።»

«እኔም ምንም አላገኘሁበትም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያገኘው?» አለች። የምሯን ነው የጠየቀችኝ።

ሁለታችንም ጋሽ ግዛቸውን አየናቸው። እሳቸው ሻያቸውን እያማሰሉ «ትላንት ከጎንደር አንድ ሰው ደወለልኝ» አሉ። «አባቴን የሚመስል በሽተኛ ጽፈዋል ብሎ... ወንድ ልጅ ስልክ ላይ እንዲህ ሲያለቅስ!»

መጋቢት 3

ቢሮዬ ፎቶ ኮፒ ማሽን ገባ። ሕዝቅያስ ነው ከጓደኛው የተዋሰው። ማሽኑን የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ስላልነበረን የመጽሐፉን እሽግ አራት ማዕዘን ደርድረን አስቀመጥነው። ልክ መጣ። አይንቀሳቀስም። ሕዝቅያስ በእጁ ገፋ ገፋ አድርጎ «ጠንካራ መጽሐፍ ነው» አለ። ሲያየኝ ጊዜ ቀልዱን ተወው።

መጋቢት 11

የመመረቂያ ጽሑፍ ጥራዝ፣ ሲቪ፣ የመታወቂያ ኮፒ። ሰው አለ፣ አይካድም። አሳታሚ በነበርኩ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም። ነበርኩ አልኩ?

ከሰዓት አንዲት ተማሪ መጣች። ስልኳን እየሰጠችኝ፣ «ይሄን ፕሪንት አድርጊልኝ፣ ስልክ ላይ ዓይኔን አመመኝ። ጥራዝም ይኑረው።» ከፈትኩት። የፈረንጅ ነርስ። «የማክሰኞ ሕሙማን»።

ጎንበስ ብዬ ከማሽኑ ሥር አንዱን እሽግ ቀድጄ አንድ መጽሐፍ አውጥቼ ሰጠኋት።

አገላበጠችው። ፊቷ በራ።

«እንዴ! መጽሐፍም ሆኖ ወጥቷል እንዴ?»

ከፕሪንቱ እንደሚረክስ ነገርኳት። ገዛችው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከሄደች በኋላ በሩን ገርበብ አድርጌ አንድ ልቅሶ አለቀስኩ። ከዚያ የሚቀጥለው ሰው አንኳኳ፣ የልደት ሰርተፊኬት ኮፒ።

መጋቢት 24

ጋሽ ግዛቸው አስጠሩኝ። አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚያዩት። እኔ ያለሁበትን ትተው መስኮቱን ነበር የሚያዩት።

«ፋሲካ ደረሰ» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ሁለተኛውን ማሳተም እንደማትችዪ ሰምቻለሁ። ሕዝቅያስ ነው የነገረኝ፣ አትቆጪው። እና ጽጌሬዳ... ለሃይማኖት ብሰጣትስ? ታንብበው። ሰው እየጠበቀ ነው። እኔም ደግሞ... ልስማው።» ቀጥለውም፣ «ካልከፋሽ።»

«አይከፋኝም» አልኩ።

ከፍቶኛል። በጣም ከፍቶኛል። ግን ምን ልላቸው ነበር? ጠብቁኝ? እስከ መቼ? በምን ዓይናቸው?

ልወጣ ስል፣ «ያቺን ገጽ ታስታውሺያታለሽ?» አሉኝ። የትኛዋን ገጽ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። አዎ አልኩና ወጣሁ።

ሚያዝያ 8

ታፔላውን አወረድነው። ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ሕዝቅያስ ገልብጦ «ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ጥራዝ» አስጻፈበት። ቀለሙ ከደረቀ በኋላም ከጀርባው «አሳታሚ» የሚለው በጥቂቱ ይታያል። ይሁን አልኩ።

ግንቦት 2

ያገለገለ የወረቀት መቁረጫ አለ ብለውኝ ቱላ ሄጄ ነበር። ስመለስ ባጃጅ ያዝኩ። ኋላ ሁለት ሴቶች፣ እኔ ዳር። ሹፌሩ ትረካ ከፍቷል። ድምፁን ገና ሳልቀመጥ አወቅሁት።

«የማክሰኞ ሕሙማን። ሁለተኛ መጽሐፍ። በግዛቸው...»

ለካ ዛሬ ነው የተለቀቀው። ምዕራፍ አንድ ትላለች ብዬ ስጠብቅ...

«አሳታሚ፣ ጽጌሬዳ አሳታሚ። ሐዋሳ፣ ታቦር። መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው። ይህን መጽሐፍ ያለ አሳታሚዋ የጽሑፍ ፈቃድ በማንኛውም መንገድ ማባዛትም ሆነ ማሰራጨት...» ከዚያ የልጅቷ ድምፅ ቆመና ሌላ ድምፅ ገባ። ሻካራ፣ የሽማግሌ፣ ለመተንፈስ የሚቸገር። «ፈጽሞ ክልክል ነው።» ቀስ ብለው፣ እያንዳንዷን ቃል እየረገጡ።

ጋሽ ግዛቸው! ይህቺን ቃል ለማንም አልሰጧትም፤ ራሳቸው አሉልኝ።

ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ሳቀች። ሹፌሩም ሳቀ፣ «ሽማግሌው ተቆጡ!» አለ። እኔ ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ። ንፋሱ ነው እንዲሉኝ።

ታቦር መውረጃዬ ጋ ስንደርስ ወራጅ አለ ማለት አቃተኝ። ሴቶቹ ወረዱ። አልፈን ሄድን። ምዕራፍ አንድ እስኪያልቅ አልወረድኩም፣ መጨረሻ ላይ ባጃጁ ውስጥ እኔና ሹፌሩ ብቻ ቀረን።

በመስታወቱ አየኝና፣ «እናቴ፣ ወደዱት አይደል? ቁጥርዎን ይስጡኝ፣ አሁኑኑ እልክልዎታለሁ።»

«ክልክል ነው ሲሉ አልሰማህም?»

«እሱማ ሁሉም ይላል» አለ፣ ስልኩን እያወጣ።

ቁጥሬን ነገርኩት።