የወንበራችሁን ስም ስለ ማጥፋቴ

ለክቡር የወንበር ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ወገብዎ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የእኔ ገና ያመኛል።

በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ለሒሳብ አስተማሪ የሚገባውን ግርማ ሞገስ ተላብሼ አዲሱ ወንበራችሁ ላይ ስቀመጥ እግሩ ተሰብሮ በጀርባዬ መንጋለሌን፣ ወለሉ ላይ እንደተዘረርኩም «ይህ ፋብሪካ የሚሸጠው የበሰበሰ ወንበር ነው!» ብዬ መጮኼን አልክድም። ጠበቃዎ ይህ ስም ማጥፋት መሆኑን ገልጸው፣ ወንበሩ እንከን እንዳልነበረውና ጥፋቱ «የተቀማጩ ከመጠን ያለፈ ክብደት» መሆኑን አምኜ ካልፈረምኩ እንደምከሰስ ስላሳወቁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ደብዳቤው በግልባጭ ለርዕሰ መምህሩም ስለ ደረሰ፣ ዛሬ ስለ ክብደቴ ያልተወያየ ባልደረባ የለኝም።

አንደኛ፣ ንግግሬ ስም ማጥፋት እንዲባል ሌላ ሰው ሊሰማውና ፋብሪካችሁን ለይቶ ሊያውቅበት ይገባል አሉ። በዚህስ ተይዣለሁ፤ ክፍል ውስጥ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ብጮህ ሰሚ ያጣሁት ሰውዬ ያን ቀን አዳራሹ በሙሉ ሰማኝ።

ሁለተኛ፣ በቃሌ መልካም ስማችሁ መጎዳት አለበት። ይህን ያህል ተደማጭ መሆኔን የነገራችሁኝ እናንተ ብቻ ናችሁና ኮርቻለሁ። ቤቴ ውስጥ ባለቤቴ ፈርሜ እንድገላገል ወስናለች፤ የእኔን አስተያየት የጠየቀ የለም።

ሦስተኛ፣ እውነት የሆነ ነገር ስም ማጥፋት አይደለም ይባላል። የተሰበረውን እግር አንስቼ አይቼዋለሁ፤ እንጨቱ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ችግሩ ክብደቴም እውነት ነው፤ ስለዚህ እኔም ጠበቃዎን መክሰስ አልቻልኩም።

አራተኛው ላይ ቀልዴ ያልቃል። ርዕሰ መምህሩ ፊርማዬን እንዳገኙ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ከእናንተው ወንበር ሊገዙ ነው። ልጄ አንደኛ ክፍል ናት። ከሲታ ናት፤ ደግነቱ በእኔ አልወጣችም። እሷ ስትወድቅ በማን ክብደት እንደምታሳብቡ ስለማላውቅ አልፈርምም። ፍርድ ቤት እፈራለሁ፣ ባለቤቴን ደግሞ ይበልጥ እፈራለሁ፤ ግን አልፈርምም።

በችሎት ፊት ቆሜ ለመከራከር ከወዲሁ ፈቃድ የምጠይቅ፣ ከነሙሉ ክብደቴ አክባሪዎ፣

የወደቀው መምህር

ሳልረሳ ልጨምር፦ ጠበቃዎ ደብዳቤውን ይዘው የመምህራን ክፍል ሲመጡ፣ በክብር ተቀብዬ ከወንበሮቻችሁ አንዱን አቅርቤላቸው ነበር። ጎንበስ ብለው የማን ሥራ እንደሆነ አዩ፤ አመሰገኑኝ፤ ደብዳቤውንም እስከ መጨረሻው ቆመው አነበቡልኝ።