የአራተኛው ዙምባራ ቦታ

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2004 ዓ.ም። ጠዋት 3፡00

የክራሩ ድምፅ ላይ ነኝ። ሦስተኛ ሙከራ። ቁልፉን ቀስ ብዬ ስነካው ክሩ ያንሾካሹካል፤ ጠበቅ ሳደርገው ይቆጣል። ፎርሙ ላይ «ጥሩ» የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ። ከ«ጥሩ» በላይ ሣጥን የለውም፤ ያናድዳል።

ላስረዳሽ፣ ማስታወሻዬ። ይህ ኪ/ቦርድ ገና ገበያ አልወጣም። የፋብሪካው ስም በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኗል። ያመጣልኝ ነስሩ ነው፤ ሲቀላ ሰፈር የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው፣ በልጅነቱ ከስልጤ መጥቶ እዚሁ ጢሙ የሸበተ። አ.አ ያሉት አስመጪዎች የየአካባቢውን ድምፅ የሚመዝን ሰው ሲፈልጉ እኔን ጠቆመ። አሥራ አንድ ዓመት ኪ/ቦርድ አስተምሬ፣ በየሠርጉ ድንኳን ላብ በላብ ሆኜ፣ ዛሬ ዳኛ ሆንኩ። ለጥር ሠርግ እንዲደርስ እስከ ኅዳር 18 ሞልቼ፣ ፈርሜ መመለስ አለብኝ። አራቱንም ገጽ ከፈረምኩ ናሙናው የኔ ይሆናል።

የኔ አሮጌ ሦስት ቁልፎቹ ሞተዋል። ስለዚህ ዳኛዋ ገለልተኛ አይደለችም። እወቂው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5። ከሰዓት 9፡30

መሰንቆ። እግዜር ያሳይሽ! በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ መንኮራኩር ገፋ ሳደርጋት ድምፁ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ልክ ጣት ክር ላይ እንደሚሄደው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ እያንዳንዱ ቅኝት አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ። ድሮ ሙሽሮቹ ቆመው እየጠበቁ ስንቴ በላብ ቃኝቻለሁ!

ጭብጨባም አለው። ጭብጨባው ትንሽ የተዛነፈ ነው፣ እንደ ሰው። ያንን ያሰበውን መሐንዲስ ባገኘው ጉንጩን እስመዋለሁ። ሁሉም «ጥሩ»።

አባባ በረንዳው ላይ ሙዝ ይልጣል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከገጠር ከላንቴ አምጥቼው ሴቻ ሰፈር ከኔ ጋር ነው። አስተያየት አልጠየቅኩትም። እሱም አልሰጠም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7። ጠዋት 4፡00

ገጽ አራት። «ጋሞ» የሚል ስታይል። በግራ እጅ አንድ ኮርድ ስትይዢ ከበሮውንና አጃቢውን ሁሉ ማሽኑ ራሱ ያመጣልሻል። ያዝኩ። ከበሮው ገባ፣ ከዚያ ዙምባራዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም የቀርከሃ መለከቶቻችን፣ ሁሉም ባንዴ ጓ! አሉ። ወገቤ ሳይጠይቀኝ ተነሳ። ደስ ይላል፣ አልዋሽሽም። እስክሪብቶ አነሳሁ።

ከመፈረሜ በፊት ግን የዙምባራውን ድምፅ ብቻውን ልስማው አልኩና በአንድ ጣት ቁልፎቹን አንድ በአንድ መንካት ጀመርኩ። አንዷ ላይ ስደርስ ከበረንዳው ቢላዋ ሲወድቅ ሰማሁ። አባባ ቆሟል። ጉንጩ ተሞልቷል፣ ከንፈሩን አሞጥሙጧል። እጁ ላይ ግን ምንም የለም። ትንፋሹን ቀስ ብሎ ለቀቀውና በጋሞኛ ጠየቀኝ፤ ማን መጣ አለ።

ማንም እንዳልመጣ ነገርኩት።

ገባኝ እኮ። አባባና ጓዶቹ ሰባት ነበሩ። ሰባት ሰው፣ ሰባት ዙምባራ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ። አንዱ ነፍቶ ያቆማል፣ ቀጣዩ ይቀበለዋል፤ ዜማው የሚሠራው በመካከላቸው ነው። አራተኛው ጋሽ ዛፉ፣ አምስተኛው አባባ። ዕድሜውን ሙሉ የዛፉን ድምፅ ተከትሎ ሲነፋ ኖረ። ዛፉ አምና ሞተ። ከዚያ ወዲህ አልነፉም። ያቺ ቁልፍ የዛፉ ድምፅ ናት። ቁርጥ እሷን!

ስታይሉንም አሰማሁት። እስከ መጨረሻው በጨዋነት አዳመጠ። ከዚያ፦ «ሁሉም ባንዴ ያወራሉ» አለኝ። «ታዲያ የሚሰማው ማነው?»

እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9። ከሰዓት 10፡00

ከላንቴ መመለሴ። በጥዋቱ እንዴት ብልህ መስዬ ነበር! ዕቅዴ፦ የስድስቱን ድምፅ አንድ በአንድ በመቅረጸ ድምፅ እቀዳለሁ፣ የዛፉን ማሽኑ አለው፣ ለፋብሪካው እልካለሁ፣ እነሱ ገጣጥመው ስታይሉን ያቃናሉ፣ እኔ እፈርማለሁ። አባባን ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹን ከሙዙ ማሳ ጠርቼ፣ ሌላው እንዳይረብሽ ብዬ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ክፍል አስገባሁ። ስቱዲዮ እንደዚያ ነዋ የሚሠራው።

ጉድ ሆንኩ። አንደኛው ሳቀ። ሁለተኛው አንዴ ነፋና በሩን አየ። ሦስተኛው ጋሽ ካንኮ፣ የሁሉም ታላቅ፣ ሁለቴ ጀምሮ ተወው። ጎረቤቱን ሳይሰማ መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚያቆም በምን ይወቅ? ብቻውን ሲነፋ የጠፋ ከብት የሚጣራ እንደሚመስለው ነገረኝ። የቀዳሁት ሁሉ እንደ እንጨት የደረቀ ነው።

ደጅ ወጥተው አብረው ሞከሩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ባዶ። አባባ ጉንጩን ሞልቶ ጠበቀ። መግቢያውን አጣው። ሁሉም መለከታቸውን ዝቅ አደረጉ። ጥፋቱ የኔ ነው። የደረቀ ቁስል ሄጄ ነካካሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ዛሬ በሁሉም ላይ ተናድጃለሁ። በነስሩ፣ በፋብሪካው፣ በሦስቱ የሞቱ ቁልፎቼ። ያንን ኪ/ቦርድ እፈልገዋለሁ፣ ማስታወሻዬ። እንደ ልጅ እፈልገዋለሁ።

ነስሩ መጣ። ገጽ አራትን ነገርኩት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ጭንቅ ይዞታል፣ ለአስመጪዎቹ ቃል ገብቷል። እንዲህ አለኝ፦ «ወላሂ መስኪ፣ ብትፈርሚ ማንም አያውቅብሽም። አገር ሙሉ ይጨፍርበታል።»

እውነቱን ነው። ክፋቱ እሱ ነው። ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ጋሞን የሚያውቀው በዚህች ቁልፍ ይሆናል፤ ሰባት ሰው ሲደማመጥ ሳይሆን ሰባት ሰው ሲጮህ። አባባ ለነስሩ ሙዝ አቀረበለት። አብረን በላን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13። ከሰዓት 11፡00

በሥርዓት ልጻፈው።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ እነሱ ወደ ማሽኑ ይምጡ። ነስሩን ፒክአፑን ለመንኩት። እያጉረመረመ ሄደ፤ አምስቱን ሽማግሌዎች ከላንቴ አመጣ። ዙምባራዎቹ ከኋላ ተርፈው ወጥተው፣ ጫፋቸው ላይ እንደ ጣውላ ቀይ ጨርቅ ታስሮባቸው። ጎረቤት የተከራዩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ።

ኪ/ቦርዱን በጋሽ ካንኮና በአባባ መካከል አስቀመጥኩ። ያን ሁሉ ክራር፣ መሰንቆ፣ ቫዮሊን ትቼ አንዲት ቁልፍ፣ በአንድ ጣት። ይቀላል ብለሽ ነው? ቀድሜ ገባሁ። እንደገና ቀድሜ ገባሁ። ዘጠኙ ጣቶቼ ሥራ ፈትተው ያቁነጠንጡኛል። ጋሽ ካንኮ እጄን አየና ሌላውን እጅሽን ኪስሽ ክተቺው አለኝ። ከተትኩት። በሦስተኛው እሱን ጠበቅኩት። ሲያቆም ነካሁ። አባባ ገባ።

ገባ! ስድስተኛው ተቀበለው፣ ሰባተኛው፣ ከዚያ ዞሮ መጣ። ያንን ዜማ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። አላውቀውም ነበር። ከውስጡ ሆኜ ሰምቼው አላውቅማ። የቁልፏ ድምፅ ደግሞ ፍጹም ነው፤ ጋሽ ካንኮ እያለቀሰ ይነፋል። ይህንን የሠራ ፋብሪካ ይባረክ፣ ከልቤ።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

ተራዬ ደረሰ። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ዝም። አባባ ጉንጩን ሞልቶ እያየኝ ነው። ሳላስብ በአፌ አወጣሁት። «ሁ!» አባባ ተቀበለኝ። ዞሮ መጣ፣ «ሁ!»፣ ተቀበለኝ። ጉሮሮዬ እስኪነቃ። አላቆሙም። አንዳቸውም መብራት መጥፋቱን ያስተዋለ አልመሰለኝም።

ሲጨርሱ ነስሩ ፒክአፑን ተደግፎ መሬት መሬት ያይ ነበር። ፎርሙን አላነሳም።

ሰኞ፣ ኅዳር 18። ጠዋት 2፡30

ሞላሁት። ሦስቱን ገጽ ፈረምኩ፤ ከ«ጥሩ» ሣጥን ጎን በእጄ «እጅግ በጣም» ጨመርኩበት። የዙምባራው ድምፅ ላይ፦ «አባቴን ከመቀመጫው አስነሥቷል።» ስታይሉ ላይ፦ «ለጭፈራ ግሩም ነው፤ ስሙ ግን ይነሳ። ወይም ኑና ሁሉንም አንድ ላይ፣ ጎን ለጎን አቁማችሁ ቅዱ።» ገጽ አራትን አልፈረምኩም።

ነስሩ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። ሣጥኑን አብረን አሸግን። ሲወጣ፣ እንዳይጋጭ ብሎ እንደ ሕፃን አቅፎ ወሰደው። ጠረጴዛው ባዶ ሆነ። ከፍቶኛል፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ከሰዓት 9፡00

አባባ ከአልጋው ሥር በጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አወጣ። የዛፉ ዙምባራ። ሚስቱ አምና ሰጥታው ኖሯል፤ አንድም ቀን አልነገረኝም። ጭኔ ላይ አስቀመጠው። አንድ ድምፅ ብቻ ነው አለኝ፤ መጠበቁን ተምረሻል፣ የቀረሽ ትንፋሹ ነው።

ቅዳሜ ላንቴ እወርዳለሁ። ለጋሽ ካንኮ መልእክት ተልኮለታል። እስካሁን የሚወጣኝ ንፋስ ብቻ ነው። አባባ በረንዳው ላይ የራሱን ይዞ፣ ጉንጩን ሞልቶ እየጠበቀኝ ነው። ቆይ አንዴ ልሞክረው።