ለዳኞቻችን አበልጅ

ለተከበሩ አቶ ዳዊ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
አቦቦ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በየወንበሩ ያስቀመጧቸው ዘመዶችዎ በሙሉ በጤና እንዲሰነብቱ እመኛለሁ። እኔ በሰፈራ ከወሎ መጥቼ እዚሁ ያረጀሁ ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ስለሆነ ለአጻጻፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ለሐሳቤ ግን አልጠይቅም።

በሬዲዮ እንደምሰማው፣ በትልልቅ አገሮች ፕሬዚዳንቱ በሐሳብ የሚቀርበውን ሰው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ አድርጎ ይሾምና፣ እሱ ከሥልጣን ከወረደ በኋላም ፍርዱ እሱ በወደደው በኩል ይሄዳል። ይህ ጥበብ ወደ ቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ዘመን ይፈጃል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። እንዲያውም እነሱ በሐሳብ የሚቀርባቸውን ሲፈልጉ እርስዎ በሥጋ የሚቀርብዎትን መርጠው ድካሙን አቅልለውታል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እኔና ጎረቤቴ አጁሉ ከብቶቻችንን ወደ ወንዝ የምንነዳበትን መንገድ የወንድምዎ ልጅ በእሾህ ሲያጥርብን፣ የፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ከይሪያ አጥሩ እንዲነሣ ወስነው ነበር። እርስዎም እንዲህ ያሉ ሴት በዳኝነት መባከን እንደሌለባቸው ተረድተው፣ የስብሰባ አዳራሹን ቁልፍ ወደ መያዝ ከፍ አደረጓቸው። አዳራሹ አሁን በፍትሕ ይከፈታል፣ በፍትሕም ይዘጋል።

ሁለተኛ፣ በእሳቸውና አብረዋቸው በፈረዱት ሁለት ዳኞች ምትክ አማችዎን፣ አበልጅዎንና የአበልጅዎን ወንድም ለምክር ቤቱ አቀረቡ። ሁሉም እጁን አወጣ፤ ያላወጣው አንድ ሰው እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ሦስተኛ፣ አዲሶቹ ዳኞች ገና ወንበሩን ሳያሞቁት የወንድምዎን ልጅ ጉዳይ እንደገና ማየት ጀመሩ። እኔም ዘመድ በዘመድ ጉዳይ አይፈርድምና ይነሡልን ብዬ አመለከትኩ። ማመልከቻዬን የመረመሩት እነሱው ነበሩ፤ ከእርስዎ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌላቸውም በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። አማችዎ ውሳኔውን ሲፈርም ልጅዎ ምሳውን ይዛ በር ላይ ትጠብቀው ነበር።

አጥሩም ተመልሶ ታጠረ። ከብቶቻችን በዚህ በጋ ለውሃ ረጅሙን ዙሪያ ይዞራሉ፤ የአጁሉ ላም መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታለች። ለዚህኛው ምስጋና የሚሆን ቃል አላገኘሁም።

እኛ ሰፋሪዎችና የአካባቢው ተወላጆች እዚህ መንደር በከብት ስንጣላ ልማዳችንን ያውቁታል፤ እኔ ከባላጋራዬ ወገን ሽማግሌ እመርጣለሁ፣ እሱም ከእኔ ወገን ይመርጣል። እርስዎ ዳኛ ከዘመድዎ መካከል ካልሆነ እንደማይወዱ ስላየሁ፣ እኔም ፍላጎትዎን አክብሬ ከቤተሰብዎ አንድ ሰው መርጫለሁ፤ እናትዎን ወይዘሮ ሺታዬን። እርስዎን ባዘሉበት ዘመን ውሃ ሲቀዱ የተመላለሱት በዚያው መንገድ ነውና የት እንደሚያደርስ አይጠፋቸውም። እርስዎ ደግሞ ከእኔ ወገን የወደዱትን ይምረጡ፤ አልቃወምም።

ወንበርዎ እንዲጸና፣ ዘመድዎም እንዲበዛ እየተመኘሁ፣ አጥሩ እስኪነሣ ድረስ ዝም የማልል የቀበሌዎ ነዋሪ፣

ወልደሥላሴ በሪሁን

ማሳሰቢያ፦ እናትዎን አስቀድሜ አማክሬአቸዋለሁ፤ ፈቅደዋል። ችሎት የሚቀመጡት ግን እርስዎ ፊታቸው የቆሙ እንደሆነ ብቻ ነው ብለዋል።