ሸምበቆው በጥያቄዬ መሠረት ስለ መታጨዱ

ለወንዝ ዳር መናፈሻችን አስተዳደር ክቡር ኃላፊ
ጋምቤላ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እየተመኘሁ፣ የሰሞኑ ሙቀት ቢሮዎን እንዳልደፈረ፣ የአየር ማቀዝቀዣዎም ከመብራቱ ጋር እንደታረቀ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ይግዛው የተባልኩ የጂኦግራፊ መምህር ስሆን፣ በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ኅዳር ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ መናፈሻዎ ውስጥ አንጋጥጬ የምዞረው፣ ጥበቃዎችዎም በመጀመሪያው ዓመት ጤንነቴን፣ በሁለተኛው ዓላማዬን የተጠራጠሩት ሰው ነኝ። የምናየው ብርድ ሸሽተው በረሃ አቋርጠው ባሮ ዳር የሚያርፉትን ወፎች ነው። ማኅበራችን ሦስት አባላት አሉት፤ ሊቀመንበሩ እኔ፣ ጸሐፊዋ ነርስ ሉሊት፣ ስለ ወፍ የሚያውቀው ደግሞ ዓሣ አጥማጁ ዱዎፕ ነው።

አቤቱታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. መስከረም 14 ቀን በጻፍኩት ደብዳቤ ሸምበቆው እይታ ስለጋረደን «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን» ጠይቄ ነበር። ዱዎፕ ቀደም ብሎ ወፏ የምትመጣው ለሸምበቆው እንጂ ለእኛ አለመሆኑን ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን መጽሐፍ ገልጬ ስለ አእዋፍ መኖሪያ ግማሽ ሰዓት አስተማርኩት። እርሱም መረቡን እየጠገነ በትዕግሥት አዳመጠኝ። ክቡርነትዎ በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ስለሰጡኝ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ በመንግሥት ሠራተኝነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ፍጥነት አይቼ ስለማላውቅ ደብዳቤውን በፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቅየዋለሁ።

2ኛ. በማግስቱ ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ ታወጀና የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ኮፍያና ውኃ ታድሎት ወጣ። ከበሩ እስከ ወንዙ ያለው ሸምበቆ ረፋዱ ላይ ታጭዶ አለቀ። በፌስቡክ ገጽዎ ላይ ቆንጨራ ይዞ ከሁሉም ፊት ፈገግ ያለው እኔ ነኝ። ፎቶውን ከወደዱት ሰባ ሁለት ሰዎች አንዱም እኔው ነኝ።

3ኛ. ከዚያ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ ወጥተናል። እይታው ግሩም ሆኗል፤ የሚታይ ብቻ ጠፋ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አንዲት ቡናማ ወፍ፣ ክብደቷ ከቤት ቁልፍ የማይበልጥ፣ በጉቶው ላይ ሁለት ሦስቴ ዞረችና የምታርፍበት ስታጣ ወንዙን ተሻግራ ሄደች። ያን ሁሉ በረሃ አቋርጣ መጥታ የሰፈሯን መፍረስ ያየች እንግዳ ናት። ሉሊት ደብተሯን ዘጋች። ዱዎፕ መረቡን መጠገኑን ቀጠለ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ክቡር ሆይ፣ በእውነት አፍሬአለሁ።

አሁን በበሩ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ፣ በመጪው ቅዳሜ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ የቀረው የመጨረሻው ሸምበቆ «በማኅበሩ ጥያቄ መሠረት» እንደሚታጨድ አንብቤአለሁ። ማኅበሩ ባለፈው ቅዳሜ በሙሉ ድምፅ ሊቀመንበሩ ዝም እንዲል ስለወሰነ፣ ይህ የመጨረሻ ቃሌ ነው፤ ጥያቄዬን ስቤአለሁ። እባክዎ ማስታወቂያውን ያስነሡልን። ያ ሸምበቆ ከሄደ ለከርሞ የሚመለስ ወፍ አይኖርም፤ እኔም ዱዎፕን ቀና ብዬ የማይበት ዓይን አይኖረኝም።

ስለ ፈጣን አገልግሎትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለመናፈሻው ረጅም ዕድሜ፣ ለቆንጨራዎቹ ረጅም ዕረፍት የምመኝ፣

ታዛዥዎና ጥፋተኛው
ይግዛው ተክሌ
የማኅበሩ ሊቀመንበር (ለጊዜው)

የተረሳ ነገር፦ ስለ መጸዳጃ ቤቱ የተሰበረ በር በአራት ዓመት ውስጥ ሰባት ደብዳቤ ጽፌልዎት ነበር። በሩ ባለመጠገኑ ወደዚያ ዝር የሚል ሰው ስለሌለ፣ ከጀርባው ያለው ሸምበቆ ከጣሪያው በልጧል፤ ባለፈው ቅዳሜም ዱዎፕ የቡናማዋን ወፍ ድምፅ ከዚያ ውስጥ ሰምቷል። ስለዚህ ሰባቱንም ደብዳቤዎች ስቤአለሁ፤ በሩ እንዲሁ ይቆይልን። በዚህ ጉዳይ ላይ በመሥሪያ ቤትዎ ሙሉ እምነት አለኝ።