ከበርህ ኋላ ያቆምከው ፕሮፔለር

ካፒቴን፣

እንቅልፍህ ስለጣፈጠህ አልቀሰቀስኩህም። እውነቱን ለመናገር ድፍረቱም አልነበረኝም። መለዋወጫ ላመጣ ወጥቻለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ።

የኩሽናው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ባልዲውን እንዳታነሳው።

ከመብረርህ በፊት ነዳጁን እንደገና አስላ። እህትህን ይዘህ ሳታርፍ ሐይቁ ዳር ልትደርስ ነው፤ በያዝከው ሂሳብ አትደርስም።

ባለፈው ወር ከሁለቱ ፕሮፔለሮች የትኛው አውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ይሽከርከር ብለን የተጨቃጨቅነው ትዝ ይልሃል። አንተ ምላጩ ብዙ ያዘነበለው ይሁን አልክ፣ አየር ላይ ስለሚፈጥን። እኔ ትንሽ ያዘነበለው አልኩ፣ ከመሬት ቶሎ ስለሚያነሳ። መንደርደሪያችን አጭር ነው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ዛፎቹ አሉ። "አንተ ብሎንህን አጥብቅ፣ በረራውን ለኛ ተው" አልከኝ። ያውም ሰው ፊት።

ብሎኔን አጠበቅኩ። ያሰርኩት ግን የኔን ምርጫ ነው።

በማግስቱ ልነግርህ ነበር። አንተ ገና ከአውሮፕላኑ ሳትወርድ "አየህ፣ ፍጥነት ማለት ይሄ ነው" ብለህ ጀመርክ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታሞግሰው አፌን ዘግቼ ሰማሁ። ጣፍጦኝ ነበር፣ አልዋሽህም። ጥፋቱ ግን የኔ ነው፤ የሚበር ሰው ላይ አይቀለድም።

ሞተሩን አታስጩኸው፣ በዚህኛው የዙር መለኪያው ቶሎ ቀዩን መስመር ያልፋል፣ ነዳጅም ይበላል።

ፈጣኑን ከፈለግክ ሩቅ አይደለም። "የሰነፍ ፕሮፔለር" ብለህ ከበርህ ኋላ ያቆምከው፣ ካፖርትህን የምትሰቅልበት እሱ ነው።