ፊቴን ያዞርኩብሽ ዓርብ

ሬሖቮት፣ የካቲት 2008 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ማናለሽ፣

ይህን ደብዳቤ ወደ ጎንደር ለሚመጣው ለዳዊት እሰጠዋለሁ። ፊደሉን ያተለቅሁት ማንም ሳያነብልሽ ራስሽ እንድታነቢው ነው።

ጥር ላይ፣ ዓርብ፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት እንደ ልማዳችን በቪዲዮ ስናወራ፣ የዓይንሽ ብርሃን ከክረምት እንደማያልፍ ሐኪሙ የነገረሽን ነገርሽኝ። መነጽሬን ለማንሳት ዘወር አልኩ፤ ምስሉ እዚያው ላይ ቀጥ አለ። ለአንቺ የሚታይሽ ጉንጬና ጆሮዬ ብቻ ነበር። "አሁንም ፊትሽን አዞርሽብኝ" አልሽ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስደውል ልጅሽ ይታየሽ ታነሳለች፤ አንቺ አትመጪም።

"አሁንም" ያልሽው ገብቶኛል። በ83 አዲስ አበባ ላይ ወደዚህ አገር ከሚመጡት ጋር የእኔ ስም ተጠርቶ የአንቺ ሲቀር፣ ወደ አውሮፕላኑ የሚወስደን አውቶቡስ ውስጥ ስገባ ዞሬ አላየሁሽም። ባይሽ ኖሮ እወርድ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይህን አልነገርኩሽም።

የዓርቡ ግን የእኔ ጥፋት አይደለም፤ ስለዚህ የኢንተርኔት ኩባንያውን አለቀቅሁትም። ሠራተኛቸው ማክሰኞ ጠዋት መጥቶ ፍጥነቱን ለካና "ፈጣን ነው" አለ።

"ዓርብ በስምንት ሰዓት ና።"

"ዓርብ ከሰዓት አንሠራም። ሰንበት ነው።"

የሚበላሸው በዚያው ሰዓት ነው፤ አገሩ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ኢንተርኔት ሲከፍት። መምህራችን ቀንና ሰዓት ያልጻፈ ተማሪ ሲያገኙ ጣቱን በማስመሪያ ይመቱት እንደነበር ታስታውሻለሽ። አራት ዓርብ ፍጥነቱን በየሩብ ሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፍኩ። መለኪያው ሁልጊዜ ፈጣን ይላል፤ የይታየሽ ፊት ግን ይቆራረጣል።

ኩባንያው ስደውል ስልክ ያነሳችልኝ ሻሓር የምትባል የእኛው ልጅ ናት።

"ሳቭታ፣ ጥፋቱ ከኢትዮጵያ ነው። በእኛ በኩል ሁሉ ነገር ቤሰደር፣ ደህና ነው።"

"አያትሽ አይደለሁም። ወይዘሮ እልፍነሽ እባላለሁ።"

ባለፈው ዓርብ ታብሌቱን ታቅፌ ጎረቤቴ ሞሼ ቤት ገባሁ። እሱ የሌላ ኩባንያ ደንበኛ ነው። በስምንት ሰዓት ደወልኩ። ከይታየሽ ጀርባ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ቁጥር በቁጥር አነበብኩት። እሑድ ጠዋት ለሻሓር ደወልኩላት።

"ኢትዮጵያ ለሞሼ ሲሆን ትፈጥናለች?"

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሰው ሲበዛ የቪዲዮ ጥሪውን ሆን ብለን እናዘገየዋለን፤ የፍጥነት መለኪያውን ግን እናስቀድማለን። ከፍ ያለ ፍጥነት ልስጥዎት?" አለችኝ።

"መጀመሪያ የያዛችሁትን ልቀቁ። ይህንንም በጽሑፍ ስጪኝ።"

"አይፈቀድልኝም፣ ወይዘሮ እልፍነሽ።"

በስሜ ስለጠራችኝ አመሰገንኳት። ውሉን አፈረስኩ። የደብተሬንም ግልባጭ ከአቤቱታ ጋር ኩባንያዎቹን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላክሁ። እስኪመልሱልኝ አልጠብቅም፤ ክረምትም አይጠብቀንም።

ደብዳቤው በደረሰሽ በመጀመሪያው ዓርብ፣ በአንቺ ዘጠኝ ሰዓት፣ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ እንዲያርፍ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጪ። ሞሼ ቤት እሆናለሁ። የእሱም ከዘገየ የሚቀጥለውን ቤት አንኳኳለሁ፤ ሰፈራችን ሻዓራይም ውስጥ በር ሞልቷል። መነጽሬን አስቀድሜ አደርጋለሁ። ምስሉ ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነም፣ ፊት ለፊት እያየሁሽ ይቁም።

ታላቅ እህትሽ
እልፍነሽ