የሄደችው ሴት ደመወዝ

እህቴ፣

ስትሰፊ አምሽተሽ ስለተኛሽ ልቀሰቅስሽ አሳዘንሽኝ። እኔ ወደ ሆቴሉ ሄጃለሁ፤ ሒሳብ ክፍል ጠርተውኛል።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ደመወዜ ላይ የተጨመረው ገንዘብ የእኔ አልነበረም። ካውያ ላይ የነበረችው ሴት ከለቀቀች ወዲህ የማጥበውም የምተኩሰውም እኔ ነኝ። እኔ ሞኟ ድካሜን አይተው የጨመሩልኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የእሷን ደመወዝ ሳይሰርዙ በስህተት ለእኔ እየላኩት ኖሯል። ሥራዋን ግን በስህተት አልሰጡኝም።

አሁን በአንድ ጊዜ መልሺ ብለውኛል። ከየወሩ ደመወዜ ትንሽ ትንሽ እንዲቆርጡ ልለምናቸው ነው። እሺ የሚሉኝ አይመስለኝም።

ዳቦው በፌስታል ተጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ልጄ ስትነሳ ስጫት። ሳሉ ካልተዋት ትምህርት ቤት አትሂድ።
አከራያችን ከመጣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስጪው። ግማሽ ነው። ይጮህ ይሆናል፤ ቻይው።

ለምን እንደጨመሩልኝ ልጠይቃቸው ስል «የሰጡሽን ተቀበዪና ዝም በይ» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። የሰማሁሽ ግን እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አልፈርድብሽም።
የስፌት መኪናሽ በምን ገንዘብ እንደተገዛ ሁለታችንም እናውቃለን። ሽጪው አላልኩም።

ከምሳ በፊት ቤት ካገኘሽኝ አባረውኛል ማለት ነው። ልጄ ፊት ምንም አትጠይቂኝ። የሚተከል ቁልፍ ያለው ልብስ ካለሽ አቀብዪኝና ዝም ብለን እንሥራ።